«ሞስክቫ» ስለ ተባለችው የጦር መርከብ

በኦክቶበር 21 ቀን 1967 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው) «ኤይላት» የተባለች የእስራኤል የጦር መርከብ ከፖርት ሰይድ ወደብ ፊት ለፊት ስትዘዋወር፥ በወደቡ ውስጥ ከነበሩ ትናንሽ የግብፅ ጀልባዎች በተተኰሱ ሚሳይሎች ተመትታ ሰጠመች፤ ከመርከበኞችዋም 47 ሰዎች ሞቱ። ጀልባዎቹም ሚሳይሎቹም በሶቪየት ኅብረት የተሠሩ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ መርከብን የሚያጠፋት ሌላ ትልቅ መርከብ፥ ሰርጓጅ መርከብ ወይም አውሮፕላን ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ ጥቂት ሰዎች የሚነዷት ጀልባ ከወደብ ሳትወጣ ይህን ስታደርግ የየአገሩ የባሕር ኃይል ሹማምንት ሁሉ ደነገጡ።

ዛሬ ታሪክዋን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብናት መርከብ፥ ይህን ትምህርት ለዓለም ያስተማረው መንግሥት ራሱ የሠራት፥ ከሃምሳ ዓመታት በላይ ካለፉም በኋላ በዚያው ትምህርት የጠፋች ናት። ስትወለድ ስምዋ «ስላቫ» ነበረ፤ ትርጓሜውም ክብር ማለት ነው። ስትሞት ግን «ሞስክቫ» ትባል ነበር።

ሶቪየት ኅብረት በዚያ ዘመን አሜሪካኖች የነበሩዋቸውን የመሰሉ ታላላቅ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አልነበሩትም። እነዚያን ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመታት ያስፈልጉ ስለ ነበር፥ የሞስኮ ሹማምንት ሌላ መንገድ መረጡ፤ ይኸውም አውሮፕላን ተሸካሚዎቹን ከሩቅ ሊያጠፉ የሚችሉ ሚሳይሎች የተጫኑባቸው መርከቦች ማሠራት ነው። በሌኒንግራድ የሚገኘው የመርከብ ንድፍ መሥሪያ ቤት ፕላኑን ካዘጋጀ በኋላ፥ በኖቬምበር 1976 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱ መርከብ የመሠረት ብረት በኒኮላዬቭ ከተማ «61 ኮሙናርድ» በተባለው የመርከብ መሥሪያ ተጣለ። ይህች ከተማ ዛሬ በዩክሬን ቋንቋ ሚኮላይቭ የምትባለው ናት፤ በ1789 ዓ.ም. ስትቈረቈርም ለጥቁር ባሕር መርከብ ይሠራባት ተብሎ ነው። መርከቢቱ በጁላይ 1979 ዓ.ም. ውኃ ላይ ወረደች፤ በ1983 ዓ.ም. መጀመሪያም ከጥቁር ባሕር የጦር መርከቦች ጋር ተቈጠረች።

ባሕር አይተው ለማያውቁ አንባቢዎቻችን መጠንዋን ጥቂት ብናስረዳ መልካም ይመስለናል። ርዝመትዋ 186 ሜትር፥ ማለት ሁለት የእግር ኳስ ሜዳዎች በቁመታቸው ቢቀጣጠሉ ጥቂት ብቻ የሚበልጡት ነው። ሙሉ ጭነትዋን ስትይዝ ክብደትዋ ከ11,000 ቶን በላይ ሲሆን፥ በውስጥዋ አምስት መቶ ያህል ሰዎች ይኖሩባታል። የሚገፉዋት ተርባይኖች በዚያችው በኒኮላዬቭ የተሠሩ ስለ ነበሩ፥ አካልዋም ልብዋም የአንዲት ከተማ ሥራ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከሩቅ ሲያዩዋት ግን ዐይን የሚይዘው በግራና በቀኝ ጐንዋ፥ በእያንዳንዱ ወገን ስምንት ስምንት ሆነው ወደ ፊት ያዘነበሉት ወፋፍራም ቧንቧዎች ነበሩ። በየቧንቧው ውስጥ «ባዛልት» የሚባል፥ አምስት ቶን ያህል የሚመዝን፥ ከድምፅ ፍጥነት የላቀ ፍጥነት ያለው፥ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ሚሳይል ይቀመጥ ነበር። ነገር ግን ሚሳይሉ ያን ያህል ርቀት ቢበርም ምድር ክብ ስለ ሆነች የመርከቢቱ ራዳር በባሕሩ ላይ ያለውን ያን ያህል ርቆ ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ጠላት የት እንዳለ ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት ወሬ እስኪደርሳት መጠበቅ ነበረባት። ከሰማይ ለሚመጣባት ነገር መከላከያ ደግሞ 64 ሌሎች ሚሳይሎች ነበሩዋት፤ ለእነዚህ ሁሉ መንገድ የሚመራው ራዳር ግን አንድ ብቻ ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚያየውም አንድ ወገን ነው። ከዚህም ሌላ አሥራ ስድስቱ ትላልቅ ሚሳይሎች ነዳጃቸውንና ፈንጂያቸውን እንደ ያዙ በመርከቢቱ ወለል ላይ፥ በሜዳ ተቀምጠው ነበር። እኛ የመርከብ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ይሁን እንጂ የሠሩዋት ሰዎች ቀድማ እንድትመታ አብዝተው አስበው፥ ሌላው ቢቀድማት ስለሚሆነው ነገር ግን ጥቂት ያሰቡ ይመስለናል።

ለዚያ የታሰበችለት ታላቅ ጦርነት ሳይመጣ ቀረ። በዲሴምበር 2 እና 3 ቀን 1989 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽና የሶቪየቱ መሪ ሚካኤል ጎርባቾቭ በማልታ ደሴት ሲገናኙ፥ ንግግሩ በጦር መርከቦች ላይ እንዲሆን ታስቦ ስለ ነበር ሶቪየቶች «ስላቫ»ን፥ አሜሪካኖች «ቤልናፕ» የተባለችውን ክሩዘር አመጡ። እንግዲህ አሜሪካን ለመውጋት የተሠራችው መርከብ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ለመቀበል ተወልውላ ቆመች ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ብርቱ ማዕበል ተነሣ፤ ከመርከብ ወደ መርከብ በጀልባ መሻገር አስጊ ሆነ፤ ስለዚህም ሁለቱ መሪዎች ከወደቡ ግንብ ጋር ታስራ በነበረችው «ማክሲም ጎርኪ» በተባለች የመንገደኞች መርከብ ውስጥ ተቀምጠው ተነጋገሩ። የዓለም ጋዜጦች ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ፍጻሜ ሲጽፉ፥ «ስላቫ» እንግዳዋን ሳትቀበል በማዕበሉ እየተናወጠች ዋለች።

በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ለእድሳት ወደ ተወለደችበት ወደ ኒኮላዬቭ ተመለሰች። እድሳቱ ገና ሳይፈጸም በዲሴምበር 1991 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፈረሰ፤ መርከቢቱም በአንድ አገር ገብታ በሌላ አገር ራስዋን አገኘች። መሥሪያው የዩክሬን፥ መርከቢቱ የሩስያ፥ ገንዘቡም የማንም ሳይሆን ዓመታት አለፉ። የጥቁር ባሕር መርከቦች ክፍፍል ራሱ በሁለቱ መንግሥታት መካከል በስምምነት የተጻፈው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል የሞስኮ ከተማ አስተዳደር ለእድሳቱ ገንዘብ ስለ ረዳ ስምዋ ተለውጦ «ሞስክቫ» ተባለች። በ2000 ዓ.ም. ወደ አገልግሎት ስትመለስ የጥቁር ባሕር ጦር አዛዥ ሰንደቅ የሚውለበለብባት ዋና መርከብ ሆነች፤ መቀመጫዋም በዚያን ጊዜ ሩስያ ከዩክሬን በኪራይ የያዘችው የሴባስቶፖል ወደብ ነበረ።

ስለ ስም ከተነሣ አይቀር የእኅቶችዋን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። ከአራቱ እኅትማማች መርከቦች አንዲቱ «ቀይ ዩክሬን» የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ነበራት፤ ለሩስያ ደርሳ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ስታገለግል «ቫርያግ» ተባለች። ሥራዋ ሳያልቅ በሚኮላይቭ የቀረችው ደግሞ ለዩክሬን ደርሳ «ዩክሬና» ተባለች። ብረቱ ያው ነው፤ ሰዎች ግን አገራቸው በተለወጠ ቍጥር ስሙን ይፍቁታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመንዋን በአጭሩ እንናገር። በኦገስት 2008 ዓ.ም. ሩስያና ጆርጅያ ሲዋጉ በአብካዝያ ባሕር ዳርቻ ታየች። በ2013 ዓ.ም. አትላንቲክን ተሻግራ ሃቫናን ጐበኘች። በ2015 ዓ.ም. ቱርክ የሩስያን የጦር አውሮፕላን በሶርያ ድንበር ከጣለች በኋላ፥ የሩስያን አውሮፕላኖች እንድትጠብቅ በላታኪያ ፊት ለፊት ቆመች። በማርች 2014 ዓ.ም. የሆነው ግን ጥቂት ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነው። ሩስያ ክሪምያን በያዘችበት በዚያ ወር «ሞስክቫ» በዶኑዝላቭ የባሕር ሰርጥ አፍ ቆማ የዩክሬን መርከቦች እንዳይወጡ ከለከለች፤ መውጫውን ፈጽሞ ለመዝጋትም ሩስያኖች «ኦቻኮቭ» የተባለች ያረጀች የጦር መርከብ በዚያ አሰጠሙ። «ኦቻኮቭ»ም የተሠራችው በዚያው በኒኮላዬቭ ነበር። የአንድ መሥሪያ ልጆች እንዲህ ሆነው የገዛ አባታቸውን በር ዘጉ።

በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዓ.ም. ሩስያ በዩክሬን ላይ ጦርዋን ባዘመተች ዕለት «ሞስክቫ» ከሌላ የጥበቃ መርከብ ጋር ወደ እባብ ደሴት ቀርባ፥ በዚያ የነበሩት ጥቂት የዩክሬን ወታደሮች እጃቸውን እንዲሰጡ በሬድዮ አዘዘች። ከወታደሮቹ አንዱ የመለሰው ቃል በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ እዚህ መጻፉ ግን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ጨዋነት ስለማይስማማ እናልፈዋለን። ሁሉም ሞተዋል ተብሎ ከተነገረ በኋላ ተማርከው በሕይወት መኖራቸው ታወቀ። የዩክሬን ፖስታ ቤት በኤፕሪል 12 ቀን አንድ ወታደር ከመርከቢቱ ፊት ቆሞ የሚያሳይ ቴምብር አወጣ።

በማግሥቱ፥ ኤፕሪል 13 ቀን፥ መርከቢቱ ከኦዴሳ በስተ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለች ተመታች። ዩክሬኖች ከባሕሩ ዳር ሆነው «ኔፕቱን» የተባሉ ሁለት ሚሳይሎች እንደ ተኰሱባት አስታወቁ፤ የአሜሪካ ሹማምንትም ይህንኑ አረጋገጡ። የሩስያ መንግሥት ግን በመርከቢቱ ላይ እሳት ተነሥቶ ጥይቱ እንደ ፈነዳ፥ ወደ ወደብ ስትጐተትም በማዕበል እንደ ሰጠመች ተናገረ። ከጥቂት ቀን በኋላ የወጡት ፎቶግራፎች መርከቢቱን በግራ ጐንዋ ዘምማ፥ ወገብዋ ጠቍሮና ተቃጥሎ ያሳያሉ፤ በዙሪያዋ ያለውም ባሕር ጸጥ ያለ ነበር። አንባቢ በራሱ ይፍረድ። በኤፕሪል 14 ቀን ወደ ባሕሩ ወለል ወረደች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሩስያ በውጊያ ያጣችው ትልቁ የጦር መርከብ ይህች ናት።

«ኔፕቱን» በኪየቭ የተነደፈ፥ ከሶቪየት ዘመን ሚሳይል የተወለደ፥ በከባድ መኪና ላይ ተጭኖ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ክብደቱ አንድ ቶን እንኳ አይሞላም፤ ፍጥነቱም ከድምፅ ያነሰ ነው። ከባሕሩ ገጽ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚበር ግን ራዳር ቶሎ አያገኘውም። አምስት ቶን የሚመዝኑትን አሥራ ስድስት ሚሳይሎች የተሸከመችው መርከብ፥ ከእነርሱ አንዱን እንኳ በአውሮፕላን ተሸካሚ ላይ ሳትተኵስ ዕድሜዋን ጨረሰች።

የሞቱትን በሚመለከት የሩስያ መከላከያ ሚኒስቴር መጀመሪያ መርከበኞቹ ሁሉ ወጥተዋል አለ። በኤፕሪል 22 ቀን ግን አንድ ሰው እንደ ሞተ፥ 27 እንደ ጠፉ፥ 396 እንደ ተረፉ አስታወቀ። በመርከቢቱ ላይ የግዴታ አገልግሎታቸውን የሚፈጽሙ ወጣቶች ነበሩ፤ እነዚህም በጦርነቱ አይሳተፉም ተብሎ ከዚያ በፊት በመንግሥት ተነግሮ ነበር። ልጆቻቸው የት እንዳሉ ያልተነገራቸው አባቶችና እናቶች ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲመላለሱ፥ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ሰነበቱ። ስለ ሚሳይልና ስለ ራዳር የጻፍነው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲመዘን ቀላል ሆኖ ይታየናል፤ ምክንያቱም ብረቱ የጠፋበት መንግሥት ሌላ ብረት ያሠራል፤ «ልጅህ ጠፍቷል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ግን ልቅሶ እንኳ መቀመጥ አይችልም።

ከዚያ በኋላ የሩስያ መርከቦች ከኦዴሳ ባሕር ዳርቻ ራቁ፤ በጁን 30 ቀንም የሩስያ ጦር እባብ ደሴትን ለቀቀ። በጁላይ 22 ቀን በኢስታንቡል በተደረገው ስምምነት የዩክሬን እህል በጥቁር ባሕር እንዲያልፍ ተፈቀደ። ይህን ሁሉ የአንዲት መርከብ መስጠም ብቻውን አመጣው አንልም፤ የተባበሩት መንግሥታትና ቱርክ ብዙ ደክመውበታል። ነገር ግን «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች የጭነት መርከብ በኦገስት 16 ቀን 23,000 ቶን ስንዴ ጭና በኦዴሳ አጠገብ ካለው ወደብ ስትነሣ፥ መድረሻዋ ጅቡቲ፥ ስንዴውም በድርቅና በጦርነት ለተቸገሩት ለኢትዮጵያ ሰዎች የዓለም የምግብ ፕሮግራም የላከው ነበር። በወሩ መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች። ስለ ጥቁር ባሕር የምንሰማው ወሬ ሩቅ የሚመስለን አንባቢዎች ይህን ብናስታውስ አይከፋም።

«ሞስክቫ» በሰጠመች ጊዜ ያላለቀችው እኅትዋ «ዩክሬና» ገና በሚኮላይቭ፥ ሁለቱም በተሠሩበት በዚያው መሥሪያ ዳር፥ ዝጋ ቆማ ነበር። «ሞስክቫ»ን ግን ዩክሬኖች ከውኃ በታች በሚገኙ ታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ በቍጥር 2064 አስገብተዋታል።