የወርቁ ዲናር ምስክርነት

ስፋቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ክብደቱም 4.25 ግራም ያህል ነው። ሐውልት ይፈርሳል፣ ብራናም በብል ይበላል፤ ወርቅ ግን ስለማይዝግ በላዩ የተቀረጸው ቃል ከ1,300 ዓመታት በኋላም ጥርት ብሎ ይነበባል። የጥንቱ የእስልምና ዓለም የወርቅ መሐለቅ፣ ማለትም ዲናር፣ በሰብሳቢዎችም ሆነ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ እጅግ የሚፈለግ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች ከእርሱ የሚሹት ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ዐረቦች በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶርያንና ግብፅን ሲይዙ በገበያው ያገኙት የቢዛንታይንን የወርቅ ገንዘብ ነበር። በመጀመሪያ ያንኑ ተገለገሉበት፤ ቀጥሎም የመስቀሉን አግዳሚ አስቀርተው አምሳያውን ቀረጹ። መቀመጫውን በደማስቆ ያደረገው ኡመያዊው ኸሊፋ አብዱልመሊክ ኢብን መርዋን በሂጅራ 74 ሰይፍ የታጠቀ ኸሊፋ ቆሞ የሚታይበትን ዲናር አወጣ። በሂጅራ 77፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ696/697፣ ምስሉ ፈጽሞ ተነሣ። በምትኩም የእስልምና የእምነት ቃል፣ ከቁርአን የተወሰዱ አንቀጾችና ገንዘቡ የተቀረጸበት ዓመት ተጻፉ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥቱ መለያ የገዢው መልክ ሳይሆን ጽሑፍ ሆነ። የባለ ምስሉ ዲናር ዕድሜ አጭር ስለ ነበረ ዛሬ የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ብርቅ ነገር ዋጋው ይንራል። በሂጅራ 105 (እ.ኤ.አ. 723/724) የተቀረጸና በሒጃዝ የነበረውን የኸሊፋውን የወርቅ ማዕድን በጽሑፉ የሚጠቅስ አንድ ዲናር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ይህ መሐለቅ የወርቁን ምንጭ ራሱ ይናገራል። አብዛኞቹ የኡመያ ዲናሮች ግን የተቀረጹበትን ከተማ እንኳ አይጠሩም። ስለዚህ የተገኙበት ቦታ ሳይመዘገብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ወርቃቸው ቢተርፍም የታሪካቸው እኩሌታ ይጠፋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 በእስራኤል ጠረፍ፣ በጥንታዊቷ ቂሣርያ ወደብ ታየ። ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል የወርቅ መሐለቆች አግኝተው ለቅርስ ጠባቂው መሥሪያ ቤት አስታወቁ። በዚያው ስፍራ ወደ 2,000 የሚጠጉ መሐለቆች ወጡ። ከሁሉ የቀደመው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሲሲሊ፣ በፓሌርሞ የተቀረጸ ሩብ ዲናር ሲሆን፣ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ996 እስከ 1036 ግብፅን የገዙት የፋጢማውያን ኸሊፋዎች የአል ሐኪምና የአል ዟሂር ናቸው። በአንዳንዶቹም ላይ ነጋዴ ወርቁን ለመፈተን የነከሰበት የጥርስ ምልክት ይታያል። ክምችቱ ሳይበተን በመገኘቱ ባለሙያዎች ግብር ጭና ወደ ግብፅ ስታመራ የሰጠመች መርከብ ሀብት ሊሆን እንደሚችል ለመገመት በቁ።

እነዚያ መሐለቆች አንድ በአንድ ለገበያ ቀርበው ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ገዢ ያማረ ወርቅ ባገኘ ነበር፤ መርከቢቱን ግን ማንም ባላሰባት ነበር። ዲናር የመዘነውን ያህል ወርቅ፣ የተጠበቀለትን ያህል ታሪክ ነው።