ጉበት የሚበላው አረም

እንክርዳድን የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የለም። ከእህል ጋር ከተፈጨ በላተኛውን ያዞራል፣ ያሰክራል። ክፋቱ ቶሎ ስለሚታወቅ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያሉ እናቶች እህል ሳይለቅሙ ወፍጮ ቤት አይልኩም። የሚያስፈራው ሳያሰክር ድምፁን አጥፍቶ የሚገድለው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ በትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፀዓዳ እምባ በምትባል መንደር ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ሰውነታቸው እየከሳ ይሞቱ ጀመር። ነገሩ ለጤና ቢሮ የደረሰው በ2005 ነው። የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች ገብተው ሲፈትሹ ፍንጩ የተገኘው ከእህሉ ነበር። አጄራተም ኮኒዞይደስ የተባለ አረም ከእህሉ ጋር ተቀላቅሏል፤ አረሙ ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለው። በኋላ የተደረገ ጥናት ዲዲቲንም አብሮ ጠርጥሯል።

መርዙ በጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደፍናል። ጉበት መግቢያ እንጂ መውጫ እንደሌለው የመስኖ ማሳ ይሆናል፤ ደሙ ይተኛበታል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አዮዲን ያለበት መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጥቶት በሲቲ ስካን ሲታይ፣ እኩል መድመቅ የነበረበት ጉበት ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ግን ልብ ሲደክምም፣ ትልቁ የጉበት ደም መልስ በረጋ ደም ሲዘጋም ተመሳሳይ ዥጉርጉር ይታያል። ምስሉ መውጫው መዘጋቱን ይነግረናል፤ ማን እንደዘጋው አይነግረንም።

የአፍጋኒስታን ታሪክ ይህንን ያስረዳል። የመጀመሪያው ታካሚ ለንደን ውስጥ በሲቲ ስካን የታየው በ1971 ነው። በ1974 በጉልራን አካባቢ ተመሳሳይ በሽታ ሲነሳ ማሽኑ ገና አልተስፋፋም። ሐኪሞቹ 7,200 ያህል ሰው መርምረው ከመቶ 22.6 የሚሆነው ጉበቱ ተጎድቶ አገኙ። ጥፋተኛው ከሁለት ዓመት ድርቅ በኋላ ስንዴው ውስጥ የገባ የአረም ፍሬ ነበር። መልሱን ያገኙት ስንዴውን በትነው በማየት ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ሲቲ ስካን ለመታየት ከተማ መግባት በሬ ያሸጣል። «ምን በላችሁ? ጎረቤትም እንዲህ ታሟል?» ብሎ መጠየቅ ግን ሳንቲም አያስወጣም። በአንድ መንደር ሁለት ሦስት ሰው ሆዱ ከተነፋ፣ ከሕመምተኛው ጋር ከጎተራው አንድ እፍኝ እህልም ጤና ጣቢያ ይድረስ። ፀዓዳ እምባ ያንን ለማወቅ ዓመታትና ብዙ ቀብር ከፍላለች።