የኮምፒዩተር አካላትና በደጋ አካባቢ የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ

ሃርድዌር የሚባለው የሚታይና የሚዳሰስ የኮምፒዩተር አካል ሁሉ ነው። በተግባሩም መረጃ ማስገቢያ፣ ማቀነባበሪያ፣ ማከማቻና ውጤት ማሳያ ተብሎ በአራት ይከፈላል። የግብር፣ የደመወዝና የመሬት ይዞታ መዝገቦች በኮምፒዩተር በሚያዙባቸው ጽሕፈት ቤቶች የመሣሪያው ደኅንነት ከመዝገቡ ደኅንነት ተነጥሎ አይታይም።

በየመሥሪያ ቤቱ በተለምዶ «ሲፒዩ» እየተባለ የሚጠራው ሣጥን ትክክለኛ ስሙ ኬዝ ነው። ሲፒዩ በኬዙ ውስጥ ማዘርቦርድ ላይ የሚገጠምና ስሌቱን የሚያከናውን አነስተኛ አካል ነው። ኬዙ ማዘርቦርዱን፣ ሚሞሪውን፣ ሃርድ ዲስኩንና ፓወር ሰፕላዩን በአንድነት ይይዛል፤ በማራገቢያዎች የሚሳበው አየርም መስመሩን ጠብቆ ሙቀቱን እንዲያወጣ ያደርጋል።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ያለው ቅዝቃዜ ኮምፒዩተር በሙቀት አይጎዳም የሚል ግምት ሊያሳድር ይችላል። ይሁን እንጂ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን ይዞ የመውጣት አቅሙ አነስተኛ ነው። በመሆኑም በሥራ ላይ ያለን ኬዝ አቧራ እንዳይገባበት በሚል በጨርቅ መሸፈን ወይም የአየር ቀዳዳዎቹን ከግድግዳ ማስጠጋት በደጋም ቢሆን ጉዳት ያስከትላል። መሸፈን የሚገባው ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ከፍታው ሃርድ ዲስክንም ይመለከታል። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ክፍል የሚሽከረከረውን ሰሌዳ ሳይነካ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ነው። ስለሆነም ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ከዚህ ወሰን በታች ብትሆንም፣ ጫፋቸው ከ4 ሺህ ሜትር በሚያልፈው የጮቄ ተራሮች ከፍተኛ ስፍራዎች ለሚሠራ ኮምፒዩተር ተሽከርካሪ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይመረጣል።

በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል የቮልት መምረጫ ይገኛል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት በመሆኑ መምረጫው 230 ላይ መሆኑ ከመሰካቱ በፊት መረጋገጥ አለበት።

ከመረጃ ማስገቢያ መሣሪያዎች ዋነኞቹ ኪቦርድ፣ ማውስና ስካነር ናቸው። የተለመደው ኪቦርድ 104 ያህል ቁልፎች ሲኖሩት የአማርኛ ፊደል 33ቱ ሆሄያት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቁልፍ በመምታት ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ በመካተቱ በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርም ይነበባል፤ ቀደም ባሉት ፎንቶች የተጻፈው ግን ያው ፎንት በሌለበት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል።

ስካነር የወረቀት ሰነድን ወደ ምስል ይለውጣል። በዚህ መንገድ የገባ መዝገብ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ቅጂው በሌላ ዲስክ ተገልብጦ በሌላ ክፍል ሊቀመጥ፣ ዋናው ወረቀትም በመዝገብ ቤት ሊጠበቅ ይገባል።