ማዕከላዊ፦ እስረኞች የሰየሙት ሕንፃ



በአዲስ አበባ፣ ፒያሳ አቅራቢያ የሚገኘው የማዕከላዊ ፖሊስ ምርመራ ግቢ በደርግም ሆነ በኢሕአዴግ ዘመን የፖለቲካ እስረኞች የተመረመሩበትና የተሠቃዩበት ስፍራ ነው። የግቢውን አሠራር ለመረዳት እስረኞች ለክፍሎቹ ያወጡላቸውን ስም መመርመር ያስፈልጋል።

«ጨለማ ቤት» ብርሃን የተነፈገው ክፍል ነው፤ «ሳይቤሪያ» ቅዝቃዜው የጸናበት። እስረኛው ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስበት ክፍል ደግሞ በምፀት «ሸራተን» ተባለ። ሸራተን አዲስ የተከፈተው በ1990 ዓ.ም. በመሆኑ ይህ ስም የደርግ ዘመን ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ስያሜ ለታሪክ ጸሐፊ ዘመን ጠቋሚ ማስረጃ ነው።

ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በጳጉሜን 2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ጉብኝት ተከፈተ። ዓለም በቃኝ ግን ፈርሷል፤ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ስሙ ቀርቷል፤ ግድግዳው የለም። በማዕከላዊ ለጉብኝት ሲከፈት ሁለቱም ነበሩ። የትኛው ስም የትኛው ክፍል እንደ ነበረ በጣቱ አመልክቶ የሚነግረን ግን በዚያ የታሰረ ሰው ነው። ግድግዳው ቢጠበቅ እንኳ እርሱን የሚተካ አይገኝም። ምዝገባው ዛሬ ይጀመር የምለውም ስለዚህ ነው።