ከጋፋት እስከ ያፋ፤ በእናት በኩል የተቆጠረ ትውልድ

በአቸፈርና በዳሞት ገጠር ትውልድ መቁጠር የሥራ ፈት ጨዋታ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ እስከ ታወጀበት ዕለት ድረስ፣ አንድ ገበሬ ከአቅኚ አባቱ መወለዱን ሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ካላስረዳ በቀር ርስት ይገባኛል ለማለት አይችልም ነበር። ቆጠራው ግን አባት በአባት ብቻ አይሄድም። በእናትም፣ በእናት እናትም በኩል ይወርዳል። ባለእጁን፣ ማለትም ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፣ ከርስት ያገለለው ያ ሥርዓት በብዙ ነገር የሚወቀስ ቢሆንም፣ የሴትን ስም ከትውልድ መዝገብ ባለመፋቁ ከብዙዎቹ የአውሮፓ የዘር መዛግብት ይሻላል።

ይህን አቆጣጠር ይዞ ከዱርቤቴ የተነሣ መንገደኛ በመራዊ በኩል ባሕር ዳርን፣ ከዚያም ወረታን አልፎ ደብረ ታቦር ሲደርስ፣ በአጠገቧ ጋፋትን ያገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባሕር ማዶ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡት በዚህ ስፍራ ነው። ከባለሙያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1838 በክራኮው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደውና በኋላ ክርስትናን የተቀበለው ሞሪትዝ ሆል ነበር። በአገሬው ዓይን ሲታይ ሆል ባለእጅ ነው። ርስት የማይደርሰው ቀጥቃጭ የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ተፈላጊ ሰው የሆነበት ዘመን መምጣቱ በራሱ አንድ የታሪክ ምዕራፍ ነው።

ሆል በጋፋት ብቻውን አልኖረም። ያገባት ወለተ ኢየሱስን ነው። አባቷ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር፣ እናቷ ደግሞ የጎንደር ቤተ መንግሥት ወይዘሮ እሴተ ወርቅ ነበረች። ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በመጀመሪያ ደጃዝማች ውቤን ያገለገለ፣ ውቤ በ1855 ድል ከሆኑ በኋላ ግን ለቴዎድሮስ የገባ ሰው ነው። እንግዲህ የሆል ቤት ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረው በመድፉ ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ሴቶች ነው። የአውሮፓ መዛግብት ግን ወለተ ኢየሱስን «ካታሪና ሆል» ብለው ጻፏት። በክርስትና ስሟ ላይ የባዕድ ስም፣ በአባቷ ስም ፈንታ የባሏ ስም ተተካ። ከዚያ ወዲያ ትውልዱን በስም ብቻ የተከተለ ሰው ጋፋትን ሳያይ ያልፋል።

የጋፋት ሥራ ታላቁ ፍሬ ሴባስቶፖል ነው። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ እ.ኤ.አ. ከ1867 መኸር ጀምሮ፣ መንገድ እየተቆፈረና ገደል እየተናደ፣ በሰው ጉልበት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ተጎተተ። ጉዞው ወራት ፈጀ። የቀላጮቹ ስም በየመጽሐፉ ሲወሳ፣ ጠፍር ትከሻቸውን የበላው የጎታቾቹ ስም የትም አልተመዘገበም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። የጋፋት ባለሙያዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዛንደር በዚያው ዓመት አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1860 ቴዎድሮስን ሲከላከል የወደቀው የእንግሊዛዊው ጆን ቤል ልጅ ሱዛን፣ ከባሏ ከቴዎፍሎስ ዋልድማየር ጋር ሊባኖስ ገባች። ዋልድማየር በብሩማና ትምህርት ቤት የመሠረተው ከዚያ በኋላ ነው። የሆል ቤተሰብ ደግሞ በፍልስጥኤም ምድር በያፋ ወደብ ሰፈረ።

በዚያው በ1868 የተወለደችው የሆልና የወለተ ኢየሱስ ልጅ ማግዳሌና፣ በያፋ ሆቴል የነበረውን ሩሲያዊ መኳንንት ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች። ልጃቸው ዮና በ1892 ተወለደ። ዮና ሠዓሊቱን ናድያ ቤኑዋን አግብቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ላይ ፒተርን ወለደ። ይህ ፒተር «ስፓርታከስ» እና «ቶፕካፒ» በተባሉት ፊልሞች ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው፣ በ2004 ያረፈው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ዝናው ሲሰፋ ኢትዮጵያዊት ቅድመ አያቱ በወሬ ልዕልት ሆነች። እንደ ልብ ወለድ ያምራል፤ ግን አያስፈልግም። ተራ ሴት ለታሪክ አትበቃም ከሚል ልማድ የመጣ ጌጥ ነው። በጎጃም ሽማግሌ ቆጠራ ቢሄዱ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ፒተር ከዮና፣ ዮና ከማግዳሌና፣ ማግዳሌና ከወለተ ኢየሱስ፣ ወለተ ኢየሱስ ከእሴተ ወርቅ። አምስት ስም ብቻ ነው፤ ሰባት ቤት እንኳ አልሞላም።

ከቤተሰቡ ወደ እናቱ አገር የተመለሰም ነበረ። የሞሪትዝና የወለተ ኢየሱስ ልጅ ዳዊት ሆል አዲስ አበባ ገብቶ የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ ሆነ። የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በሚከማችበት በ1935 ክረምት ዳዊት በምስጢር ወደ በርሊን ተላከ። የሄደውም መሣሪያ ለመለመን ነበር። አባቱ ለቴዎድሮስ በደብረ ታቦር ጭቃና እሳት የደከመበትን ነገር፣ ልጁ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ከአውሮፓ ደጅ ጠና። የጀርመን መንግሥትም ለራሱ ጥቅም፣ ኢጣሊያ በአፍሪካ እንድትጠመድ በማሰብ፣ ጠመንጃና ጥይት በስውር ሰጠ። የኢጣሊያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው።