ራሳቸው

«ራሳቸው» ድርጊቱ ወደ አድራጊው መመለሱን፣ ወይም አድራጊው ሌላ ሳይሆን ያው ሰው መሆኑን የሚያመለክት የአማርኛ ተውላጠ ስም ነው። ለብዙዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም ያገለግላል። «ራሳቸውን ጎዱ» የሚል ወሬ የሰማ ሰው የተጎዱት ሦስት ጎረምሶች ይሁኑ፣ አንዲት እናት ወይም አንድ አዛውንት፣ ከቃሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። በነጠላ ሦስተኛ መደብ «ራሱ» ለወንድ፣ «ራሷ» ለሴት ሲሆኑ ፆታ ሳይለይ የሚቀረው «ራሳቸው» ብቻ ነው።

ቃሉ የተነሣው ከሰውነት ክፍል ነው። የግዕዙ «ርእስ» አማርኛ ውስጥ «ራስ» ሆኖ ሲቀር «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርሳቸው» እና «እርስዎ»ም ከዚያው ሥር በቅለዋል፤ «እርስ በርስ»ም እንዲሁ። ትግርኛ ግን «ንሱ» እና «ንሳ»ን ያወጣው ከ«ነፍስ» ነው።

የጥንቱ ትርጉም ዛሬም አልሞተም። በአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ሠራተኛ «ታጠበ» ከተባለ ገላውን ነው፤ «ራሱን ታጠበ» ከተባለ ግን ፀጉሩን። «ተላጨ»ና «ራሱን ተላጨ»ም እንደዚያው ይለያያሉ። ግሱ በ«ተ» አማካኝነት ድርጊቱን ወደ አድራጊው ስለሚመልሰው ተውላጠ ስሙ ሥራ ያጣና ወደ ጭንቅላትነቱ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ተሰልፈው «ራሴን» የሚሉ አዛውንትም ስለ ማንነታቸው እያወሩ አይደለም።

ከኦሮሚያ ጋር በሚዋሰነው በዚሁ ክፍለ ከተማ አማርኛና ኦሮምኛ አንድ ታክሲ ውስጥ ይሰማሉ። ኦሮምኛ እዚህ ላይ ከአማርኛ ይቀላል፦ «ኦፍ» ለወንድም ለሴትም አይለወጥም። «ኦፍ ላሌ» ራሱን አየ፣ «ኦፍ ላልቴ» ራሷን አየች ነው፤ ፆታውን የሚናገረው ግሱ ብቻ ነው። ጥንቃቄ የሚለውን ቃልም ኦሮምኛ ከዚሁ ሠርቶ «ኦፍኤጋኖ» ይለዋል፤ ራስን መጠበቅ እንደ ማለት ነው። «መታ» የሚለው የኦሮምኛ ቃልም ራስ ማለት ሲሆን አገናዛቢ ሲከተለው እንደ አማርኛው «ራሱ» እና «ራሷ» ያገለግላል።

አማርኛ ፆታን የሚተወው በአክብሮት ነው። አንቱታ ያገኘ ሰው ወንድ ይሁን ሴት «እሳቸው» ይባላል፤ እኩያና ታናሽ ግን «እሱ» ወይም «እሷ» ከመባል አያመልጡም። ማንነቱ ላልታወቀ ሰው «እሳቸው» ማለት ስለሚከብድ ጽሕፈት ቤቶች ሌላ ዘዴ ፈጥረዋል፤ ቅጾቻቸው «ራሱን/ራሷን» እያሉ በእዝባር ይሞላሉ። በርካታ አዋጆች ደግሞ በወንድ ፆታ የተጻፈው ሴትንም እንደሚጨምር በአንድ አንቀጽ ደንግገው ያልፋሉ። ከሁሉ የሚሻለው ባለቤት አልባው «ራስን» ይመስላል፦ ራስን መቻል፣ ራስን መግዛት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 «የራሱን ዕድል በራሱ» ሲል በወንድ ፆታ ይናገራል፤ በሰው አፍ ግን መብቱ «የራስን ዕድል በራስ መወሰን» ሆኖ ፆታውን ጥሏል።

እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው በሌላ በር ነው። «ዘምሰልፍ» (themself) የሚለው ቃል በ14ኛው መቶ ዘመን ይጻፍ ነበር፤ ከ1540 እ.ኤ.አ. ገደማ በኋላ ግን የብዙ ቁጥሩ «ዘምሰልቭስ» (themselves) ቦታውን ወሰደ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን «ዘምሰልፍ» ፆታው ያልተገለጸን ወይም ወንድም ሴትም መባል የማይሻን አንድ ሰው ለመጥቀስ እንደገና ብቅ አለ። የሜሪየም ዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዘይ» (they) የሚለውን ተውላጠ ስም የ2019 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ብሎ መምረጡም የዚሁ ለውጥ አካል ነው፤ «ዘምሰልፍ» የሚለው ግን ዛሬም ስሕተት የሚመስላቸው አንባቢዎች አሉ፤ ብዙ ቁጥርና ነጠላ በአንድ ቃል ተጋጩ ይላሉ።

አማርኛ ይህን ጠብ አያውቀውም። ሰዎቹ መቶም ቢሆኑ «ራስ» ነጠላ እንደሆነ ይቀራል፦ ሠራተኞቹ ራሳቸው መጡ፣ እሜቴም ራሳቸው መጡ። «ራሶቻቸው» ያለ ሰው ከሰሚው ፊት የሚደቅነው በርካታ ጭንቅላት ነው።