ወዳጅ መስሎ የሚከዳ ቃል፦ እስፓኝኛ ተናጋሪዎችና የእንግሊዝኛ ቃላት

በአሜሪካ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1941 የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኢንስቲትዩት ሲያቋቁም በቅድሚያ የተቀበለው ከላቲን አሜሪካ የመጡ ተማሪዎችን ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢንስቲትዩቱ መሪ ቻርልስ ፍሪስ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፣ አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው የቃላትን ብዛት ሳይሆን የቋንቋውን ሥርዐተ ድምፅና የዐረፍተ ነገሩን አወቃቀር ነው፤ ቃላቱ ለጊዜው ጥቂት ቢሆኑ አይጎዳም። የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ቋንቋን እንደ ማወቅ ይቈጠር ለነበረበት ዘመን ይህ ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነበር። ይሁን እንጂ እስፓኝኛ ተናጋሪ ወደ እንግሊዝኛ የሚመጣው ባዶ እጁን አይደለም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

እንግሊዝኛ በመሠረቱ የጀርመንኛ ወገን ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ግን በቤተ መንግሥቱና በፍርድ ቤቱ በኩል የፈረንሳይኛ ቃል ገባበት፤ ሊቃውንቱም ከላቲን በቀጥታ እየቀዱ ጨመሩበት። እስፓኝኛ ደግሞ ራሱ የላቲን ልጅ ነው። ከዚህ የተነሣ «ናሽን» የሚለውን ቃል የሚያነብ የሜክሲኮ ሰው የራሱን «ናሲዮን» ያይበታል፤ «ዩኒቨርሲቲ»ም ከ«ኡኒቤርሲዳድ» አይርቅበትም። ማንኪያን «ስፑን»፣ አካፋን «ሾቭል»፣ መደርደሪያን «ሼልፍ» የሚሉት ቃላት ግን በእስፓኝኛ ዘመድ የላቸውም። እንግሊዛዊ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የሚለቅመው ቃል ለተማረው እስፓኝኛ ተናጋሪ ዳገት ሲሆንበት፣ ያው ሕፃን ብዙ ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ የሚደርስበት ቃል ደግሞ ሜዳ ይሆንለታል።

«ለተማረው» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ዩናይትድ ስቴትስ በ1898 ፖርቶ ሪኮን ከእስፓኝ ከወሰደች በኋላ እንግሊዝኛ በደሴቲቱ የትምህርት መስጫ ቋንቋ እንዲሆን ግፊት ተደረገ። እስከ ስንተኛው ክፍል በየትኛው ቋንቋ ይማሩ በሚለው ላይ መመሪያው ደጋግሞ ሲለዋወጥ ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ። የስድስት ዓመት ልጅ ከላቲን የመጡትን ረቂቅ ቃላት ገና በራሱ ቋንቋ እንኳ አያውቃቸውም። ስለዚህ አዋቂውን የሚረዳው የሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና ሕፃኑን ሊረዳው አይችልም ነበር፤ የጀማሪ መማሪያ ቃል ይኸው ዘመድ የሌለው የቤትና የጓሮ ቃል ነውና። ሒሳቡን በማያውቀው ቃል እንዲማር የተደረገ ልጅ ሒሳቡንም ቋንቋውንም ያጣል። በ1949፣ በሕዝብ የተመረጠው የመጀመሪያው አገረ ገዥ ሉዊስ ሙኞስ ማሪን ሥልጣን በያዘበት ዓመት፣ የትምህርት ኮሚሽነሩ ማርያኖ ቢያሮንጋ እስፓኝኛን ወደ ትምህርት መስጫነት መለሰው። እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መሰጠቱ ቀጠለ።

የትኛው ቃል ለማን እንደሚከብድ ለይቶ ከጻፉት መካከል ሮበርት ላዶ በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ላዶ በ1915 በፍሎሪዳ፣ በታምፓ ከተማ ከእስፓኛውያን ወላጆች ተወልዶ በእስፓኝ አደገ፤ ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ21 ዓመቱ ነው። ከፍሪስ ጋር በሚሺጋን የሠራው ይህ ሰው በ1957 ባወጣው መጽሐፍ የሁለት ቋንቋዎች ቃላት እንዴት እንደሚነጻጸሩ ለማሳየት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጠ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1921 ካወጣው የ10,000 ቃላት ዝርዝር ጀምሮ ቃላትን በድግግሞሻቸው ብቻ የሚመዝኑ ሥራዎች ጃፓናዊውንና ሜክሲኳዊውን አይለዩም ነበር። ላዶ ግን ቅርጹም ትርጉሙም የሚመሳሰለውን ቃል፣ ቅርጹ ተመሳስሎ ትርጉሙ ከሚለየው አራቀው፤ ይህ ሁለተኛው ነው አሳሳቹ።

«ሊብሬሪያ» በእስፓኝኛ መጻሕፍት የሚሸጡበት ሱቅ እንጂ እንደ እንግሊዝኛው «ላይብረሪ» ቤተ መጻሕፍት አይደለም። እንግሊዝኛው «ኤምባራስድ» ያፈረ ሰው ሲሆን፣ እስፓኝኛው «ኤምባራሳዳ» ነፍሰ ጡር ናት። የሚያስገርመው እንግሊዝኛው ቃሉን በፈረንሳይኛ በኩል የወሰደው ከዚያው ከእስፓኝኛ መሆኑ ነው። ጥንት ትርጉሙ ማሰናከል፣ ማወክ ነበር፤ አንዱ ቋንቋ ወደ እፍረት፣ ሌላው ወደ እርግዝና ወሰደው። ግዕዝ የሚጀምር አማርኛ ተናጋሪም «ነበረ» ማለት «ተቀመጠ» መሆኑን ሲሰማ የሚደርስበት ግርታ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የሁለት ቋንቋዎችን ልዩነት በማየት ብቻ የተማሪን ስሕተት ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል የሚለው ሐሳብ በ1970ዎቹ ብርቱ ትችት ደረሰበት፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። የቃላቱ ምዕራፍ ግን የተሻለ ዕድሜ አግኝቷል። አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ከከፍተኛ ትምህርት ጽሑፎች ለቅማ ያወጣቻቸው 570 የቃላት ቤተሰቦች አብዛኞቹ የላቲንና የግሪክ ዘር ናቸው። ስለዚህ የቦጎታ ተማሪ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ እየገባው የገበያ ወሬ ሊያመልጠው ይችላል። «ቶለሬት» የሚለውን ከራሱ «ቶሌራር» ተነሥቶ ወዲያው ይረዳዋል፤ ያው መታገሥ «ፑት አፕ ዊዝ» ተብሎ በሦስት ትንንሽ ቃላት ሲነገር ግን ሦስቱንም ለየብቻ እያወቃቸው ትርጉማቸው ያመልጠዋል። ለዚህ መምህሩ የሚያሳየው የላቲን ሥር የለውም።